አባሪ ፎቶ፦ የለም

አሥራ ሰባት ደብዳቤ ጻፍኩኝ ለመንግሥቱ፣
ወንዙ በሞላ ቁጥር፣ በየዝናብ ወቅቱ።
የጽሕፈት መኪናዬ አንዲት ፊደል አጥታ፣
በእስክሪብቶ እየሞላሁ የጎደለውን ቦታ፣
“ክቡር ሆይ” እያልኩኝ፣ ማኅተሜን አትሜ፣
በድንች ጫኝ መኪና ስልክ ስልክ ከርሜ፣
መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ “ደርሶናል፣ ይታያል።”
“ይታያል” የሚል ሰው መች ቀና ብሎ ያያል?

ዋይራፓምፓ ማለት እኛ ወዲህ ነን፣
ትምህርት ቤቱ ወዲያ፣ ወንዝ መሃላችን።
የብረት ገመድ አለ፣ ከገመዱ መንጠቆ፣
ልጅ ይሻገርበታል በሁለት እጁ ተጣብቆ፣
ደብተሩን በጥርሱ ነክሶ፣ ጫማውን አንግቶ፣
ከሥሩ ወንዙ ሲያልፍ ቋጥኝ ገፍቶ ገፍቶ።

ዘጠነኛው ደብዳቤ ስም ነበር፣ ስም ብቻ።
ሣንቶሳ፣ ዘጠኝ ዓመቷ።
ኤርሚኒዮ፣ አንድ ጫማው የተገኘ።
መልኪያዴስ፣ ያን ቀን “አልሄድም” ብሎ የለመነ።
አራተኛዋ ገና ስም አልወጣላትም፤ በእናቷ ጀርባ ላይ ነበረች።

“ደርሶናል።”

በሰኔ ካሜራ ያንጠለጠለች አንዲት ሴት መጣች፣
ሠርግ ልታነሣ ነው፤ ፍሎሪንዳ ትባላለች።
ወንዙ ዳር እንደቆመች ድንገት ነፋስ መጣ፣
ነጥቆ ውሃ ውስጥ ጣለው የሴትዮዋን ባርኔጣ።
ኒኮላሳ ያን ጊዜ ገመዱ መሃል ነበረች፤
ባርኔጣው ሲዋኝ አይታ በሳቅ ፈነዳች።
አፏ ሲከፈት ደብተሯ ከጥርሷ አመለጠ፣
ቅጠሉ እንደ ወፍ ክንፍ አየር ላይ ተገለጠ፣
ቀጭ! አለች ካሜራዋ።

ሊማ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ባርኔጣው የለበትም።
አፏን የከፈተች ልጅ፣ የሚወድቅ ደብተር፤ ሌላ የለም።
“የዚህች ልጅ ጩኸት እዚህ ድረስ ይሰማል” አሉ።
ሚኒስትሩ አለቀሱ፤ ሚስታቸው፤ ሹፌራቸው፤ ሁሉ።
በአርባ ቀን መሐንዲስ፣ በዓመቱ ድልድይ፤
አሥራ ሰባት ወረቀት ያልፈታው ጉዳይ።

በምረቃው ዕለት ፎቶው እንደ ቤት ግድግዳ ሰፍቶ
ድልድዩ ራስ ላይ ቆሟል፣ ሪባን ተጎትቶ።
ኒኮላሳ ኮቴን ይዛ ሳብ አደረገችኝና፦
“ዶን ኤሌውቴሪዮ፣ እኔ እኮ ስቄ ነበር። ልንገራቸው?” አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቃል ጋር የኖርኩት፣
ለአንዲት ነጥብ ስሕተት ሌሊቱን ያነጋሁት፣
ጣቴን ከንፈሬ ላይ ጫንኩ። ዝም በይ አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ይከነክነኛል፦
ፎቶ ያለውን እንጂ የጎደለውን መች ያሳያል?
“አይደለም” ማለት አይችልም፤ “ትናንት” አይልም አፉ፤
ከጠርዙ ውጭ ቀርተዋል እነዚያ ያለፉ።
ቃል ሁሉን ያውቅ ነበር። አውቆስ ማንን አዳነ?
ሐሰት ያልሆነ ሐሰት ነው ድልድይ የሆነ።
እኔም ቃሌን በላሁ፤ ብረቱ ግን ቆመ፣
የልጆች ኮቴ ሲያልፍበት፣ እየታመመ
ልቤ፣ ደስ ይለዋል።

ትናንት አሥራ ስምንተኛውን ላክሁ፦
ሚኒስትሩ ስም ከተቀረጸበት ሰሌዳ ግርጌ
ሦስት ስም እንዲጨመር፣ ከሥሩም አንድ ባዶ ቦታ።
መልሱን አውቀዋለሁ።
እንደ ደንቡ ከታች፣ በእስክሪብቶ፣ ሞላሁት፦
አባሪ ፎቶ፦ የለም።