ትኩሳት ሲለካ

መርሳ፣ ከመናኸሪያው፣ ከጎሚስታው ኋላ፣
በጆንያ የታጠረ፣ በቆርቆሮ ጥላ፣
ቪዲዮ ቤት ነበረን።
በረኛው እኔ ነኝ፤ ሳንቲም እቆጥራለሁ፣
ካሴት ሲተበተብ በእርሳስ እፈታለሁ።

ተርጓሚው እንድሪስ፤
አሰብ ከመርከብ ሥር ጆንያ ተሸክሞ፣
ሰላሳ የሚሆን የፈረንጅ ቃል ለቅሞ፤
ከሰላሳው አሥሩ ስድብ ነው፤ ቢሆንም
ለሁለት ሰዓት ፊልም አንሶት አያውቅም።
ተዋናዩ ሳይጨርስ እሱ ይላል ቀድሞ፣
«አንቺ ልጅ፣ በአላህ! በማርያም!»፣ ከወንበሩ ቆሞ፤
ከተመልካቹ ማንም ቅር እንዳይለው።

የፍቅሩ ፊልም መንገዱ አንድ ነው፦
ይጋጫሉ፤ ቡናውን ቀሚሷ ላይ ይደፋል፣
ትጠላዋለች፤ ከዚያ ዝናብ ይዘንባል፣
ከዚያ ትወደዋለች።
«ዝናብ ካዋደደ፣» አሉ ጋሽ ይመር፣
«ሐምሌ ምነው እኛን ጠዋት ማታ ሲያናቁር?»

መሳሳም ሲመጣ
እንድሪስ ጋቢውን በቴሌቪዥኑ ላይ ይጥላል።
ድምፁ ግን ይሰማል። «ምን ሆኑ?» ይባላል።
«ትኩሳቷን ሊያይ ነው፤ በከንፈር ይለካል፣
የፈረንጅ ሕክምና ከኛ እጅግ ረቋል።»

ከዚያን ቀን ወዲህ
ትኩሳት በመርሳ አፍ ሌላ ትርጉም ነበረው።
የጤና ጣቢያዋ ነርስ እጇን ግንባር ላይ ስታኖር
ወረፋው በሙሉ ሳቁን መቻል አቅቶት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የፌዝ ፊልም፤
በሌላ ፊልም የሚስቅ። ያንን ሌላውን ግን አላየንም።
ነፍሰ ገዳዩ ቢላውን ቤቱ ይረሳና
ከምትሞተው ልጅ ጎረቤት ሊዋስ ይሄዳል፤
ጎረቤቷም «መልስ እንጂ፣ እንዳምናው እንዳይጠፋ» ትለዋለች።
እኛ ምን አውቀን! ሳቅን፣
አግዳሚው እስኪሰበር።

በዓመቱ ዋናው ደረሰ፣ ያ የሚያስፈራው።
ገዳዩ በጨለማው ብቅ ሲል
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።
«ቢላህን ይዘሃል ዛሬስ?» አለ አንዱ ከኋላ።
የደሴ ሹፌር ነበር፣ ብቻውን ፈርቶ፣ ተናዶ፣
«ሰው ሲታረድ ይሳቃል?» ብሎ
ሄደ ሃምሳ ሳንቲሙን ከእጄ ላይ ወስዶ።

ዘምዘም።
ሁልጊዜ ከፍላ ትገባለች፣
ፊልሙን ግን አታይም፤ በሩን ታያለች።
በሩ ላይ ማን እንዳለ ነግሬያችኋለሁ።
አንድ ማታ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ ወደ ኋላ ቀርታ
«ትኩሳት ሳይኖረኝ አይቀርም» አለችኝ።
እኔ ጅሉ፣
«ጤና ጣቢያው በዚህ ሰዓት ዝግ ነው» አልኳት።

በሳምንቱ የጅዳ ቪዛዋ ወጣ፤
በደሴ አውቶብስ፣ በማለዳ።
ሮጥኩ፤
እንደነዚያ አውሮፕላን ጣቢያ እንደሚሮጡት።
ከኋላዬ ሙዚቃ የለም፣ ፍየሎች ብቻ።
አንድ እግሬ ሸበጡን ጥሏል፤
ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ሞልቷል! ሞልቷል!» ይላል።

ፌዙን አስቀድሞ ዋናውን ኋላ ያየ ሰው
እንዴት ብሎ ይለያል፣
ያ ጠዋት የቱ እንደነበር?
ብቻ ወደ ውርጌሳ መንገዱ ሲታጠፍ፣
ዘምዘም በኋላው መስታወት ዞረች፤
የእጇን ጀርባ ግንባሯ ላይ አኖረች፣
ወዲያውም፣ እሳት እንደነካ ሰው፣
ፈጥና አነሳችው።