የደላላው ጆሮ

ሃያ ሁለት ዓመት በጆሮዬ በላሁ፤
ሱሉልታ መውጫ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ፣
ኮፈን ተከፍቶልኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤
"አስነሣው" እላለሁ፣ አልናገርም ሌላ።
ጭስ አንቆት ሲያስለው፣
ቫልቩ ሲያንኳኳ አበዳሪ ይመስል፣
"ይህ ሞተር ወርዷል" ስል፣
ሻጭ መሬት ሲያይ፣ ገዢ ዋጋ ሲጥል፣
በዚያ መሀል ነበር የኔ ድርሻ ሚበስል።

ከዚያ ወሬ መጣ፤
"ከእንግዲህ አይገባም ነዳጅ የሚጠጣ።"
እኛ ምን ቸገረን! አዲስ ሲከለከል ያረጀ ይወደዳል፤
የሚያነክስ በቅሎ፣ ፈረስ በጠፋ ለት፣ በኮርቻ ይሄዳል።
የመርጊያ ፒክአፕ፣ በሯ በሽቦ ታስሮ፣ ወለሏ አስፋልት የሚያሳይ፣
ባንድ ሳምንት ጠራች፣ አዲስ ሳለች ከወጣችበት ዋጋ በላይ።
"አሮጊቷ ታጨች!" ብዬ ሳቅሁ፤ ስቄም አልቀረሁ፤
ተበድሬ ሁለት ገዛሁና፣ በሸራ ጠቅልዬ ከጓሮ አኖርሁ።

አንድ ንጋት፣ ጉሙ ሜዳው ላይ ሲተኛ፣
ወተት ሰብሳቢዋ ደሚቱ አለፈች፤ ውሻ አልጮኸ፣ አልነቃ ሰው ከእኛ።
በአዲሷ ፒክአፕ፣ ባትሪ በሚነዳት፣
የጭስ ጭራ በሌላት።
ሴቶቹ የናፍጣን ሳል እንደ ሰዓት ለምደው፣
ጣሳቸውን ይዘው ሲወጡ፣ መንገዱ ባዶ ነው።
በማግስቱ ደሚቱ መላ ዘየደች፤
ከፊት መከላከያዋ የላም ቃጭል አሰረች።

ወር ሳይሞላ መጣች ከባሕር ዛፉ ሥር፦
"ገዢ ጠይቆኛል፤ ስንት ታወጣለች? አንተ ታውቃለህ፣ ንገር።"
ኮፈኑን ከፈትኩት፤ እንደ ታጠበ ሳህን፤
ዘይት አይሸት፣ ጥላሸት አይነካ ጣትን።
ዓይኔን ጨፈንኩና፣ እንደ ልማዴ፣
"አስነሺያት" አልኋት።
"ተነሥታለች እኮ" አለችኝ ቀዝቀዝ ብላ፤ ደነገጠ ሆዴ።
ጆሮዬን አስጠጋሁ። የገዛ ደሜን ሰማሁ፣
ከኋላ ወተቱን፣ ቢዶን ውስጥ ሲዋኝ፤
ስለሷ ግን ምንም። ስንት ልበል? ማን ጆሮ ያውሰኝ?

የጋራዡ ልጅ ኪያ፣ ጢም ያላበቀለ፣
ስልኩን ከመሪው ሥር በሽቦ ቀጠለ፣
"ባትሪዋ ዘጠና አንድ ከመቶ" አለ።
አለቀ። ሂሳቡን እሱ ተቀበለ።
"ወተት አዝላ ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርድ፣ እኮ ትሞላለች፤
እንዲህ ከሆነማ አልሸጣት" ብላ ደሚቱ ሄደች።
እኔ የማውቀው መውረድ ያጎድላል፤ ሞተርንም፣ ሰውንም፤
ወርዶ የሚሞላ፣ ከወንዝ በቀር፣ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ከጥላው ሥር ሰው ቀነሰ።
አንዱ ባልደረባዬ ቦታ ወደ ማሻሻጥ ገባ፤
አንዱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቻርጀር ይዞ በየግቢው ይዞራል፤
እኔን ሲያገኘኝ፣ እንደ ታመመ ዘመድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቀኛል።

ሐቁን ላውራ ደግሞ፤ መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ደሚቱ ቆመች፤
የመርጊያ አሮጊት እየሳለች መጣች፣
ሦስት እጥፍ አስከፈለች።
ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።
ማታ ግን፣ የልጆች ደብተር መግዣ የነበረው ወተት
በየደጁ፣ በየጣሳው ረግቶ አይቼ አፈርኩ።

የኔዎቹ ሁለቱ ዛሬም ከሸራው ሥር ናቸው፤ ዕዳው ወለድ ይቆጥራል።
ዶሮዋ ከኋላ ጎማው አጠገብ ትጥላለች።
ቅዳሜ ቅዳሜ አስነሥቼ አዳምጣቸዋለሁ፤
ለሽያጭ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት፣ ገና ከአልጋ ሳልወርድ፣
ቃጭሏን ከሩቅ ሰማሁ።
ዓይኔን ጨፈንኩ።
ተሰንጥቋል፤ በግራ ከንፈሩ በኩል፣ ፀጉር በምታህል፤
ክረምቱን አይዘልቅም።
ነገ መንገድ ላይ ቆሜ እነግራታለሁ፤
አላስከፍላትም።