ቆጠራ በጓሳ

ጡረታ ስወጣ ከባንኩ መስኮት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ብር ከቆጠርኩበት፣
ጓዶቼ አዋጥተው መነጽር ሰጡኝ፣
«እስቲ ደግሞ ወፍ ቁጠር» ብለው ሳቁብኝ።

እኔ ግን አመንኩት፤ ገዛሁኝ ደብተር፣
ሠንጠረዥ አሰመርኩ፦ ስም፣ ሰዓት፣ ቁጥር።
ከደብረ ብርሃን በማለዳ አውቶቡስ፣
ጣርማበርን አልፌ ጓሳ እስክደርስ፣
መነጽሬን ባንገቴ እንደ ክታብ ይዤ፣
መስኮቱን ተደግፌ ሄድኩኝ ፈዝዤ።

ጠበቀችኝ እማዋይሽ ከጥበቃው ቤት በር፣
ባና በካኪዋ ላይ፣ በእጇ አጭር በትር።
«ለቀይ ቀበሮ ነው ወይስ ለጭላዳ?»
«ለወፍ ነው» ስላት ቃኘችኝ እንደ ዕዳ።

ውርጩ አልለቀቀም፤ ሣሩ ሽበት መስሏል፣
ጅብራው በየጉብታው እንደ ዘብ ቆሟል።
የረገጥነው ጦስኝ ሽታው ተነሣና፣
ተከተለን ሽቅብ ሦስተኛ ሆነና።

ቁራው ቀድሞ መጣ፣ ምንቃሩ መዶሻ፣
ስንቃችንን አየ እንደ ጎረቤት ውሻ።
«አንድ» ብዬ ጻፍኩ። አጥንት ሰባሪው ደግሞ፣
ቅልጥም ለቀቀ ከላይ፣ ቋጥኙን አልሞ፤
ቋ! ሲል አጥንቱ፣ ልቤም አብሮ ቋ አለ፣
«ሁለት» ሳልጽፍ እሱ ቁልቁል ኮበለለ።

ጭላዶቹ ቁጭ ብለው ሣሩን ይነጫሉ፣
በሁለት ጣታቸው ቶሎ ቶሎ እያሉ፣
ልክ እንደ ገንዘብ ያዥ በደመወዝ ቀን፣
አንዱም ቀና ብሎ «ማን ናችሁ» አላለን።

የመጣሁት ግን ለአንዲት ደቃቅ ወፍ፣
ቡናማ፣ ጭረት ያላት፣ ከገደሉ አፋፍ፤
ከዚህ ተራራ ሌላ ርስት የላትም ይላሉ፣
ፈላጊዎቿ ግን ባሕር ያቋርጣሉ።

ጠበቅን።
ጭጋጉ ከቆላው ተነሣ፣
ገደሉን ዋጠና ቀጠለ በጓሳ፤
በመነጽሬ ውስጥ ወተት፤ ደብተሬ ረጠበ፣
የጻፍኩት «አንድ» እንኳ ፈርሶ አበበ።
ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ፤ ቆረጠምን ዝም ብለን፣
ጭጋጉ ጥርሳችንን እየሰማ ከበበን።

«አንቺስ» አልኳት በኋላ፣ «ምን ትቆጥሪያለሽ?»
«ቀበሮ።»
ዝም አለች። እኔም አልኩ «እንዴት አገኘሽ?»

«አምና ከዚያ ጉድጓድ ሰባት ቡችሎች ወጡ፣
እናታቸው ፍልፈል ስታመጣ እየሮጡ።
ሰባት ብዬ ጻፍኩ፤ እናቴ ሰምታ፣
‹ልጅ አይቆጠርም› አለችኝ ተቆጥታ።
ያበዱ ውሾች ከመንደር ሽቅብ ተሻገሩ፣
ሰኔ ሳይገባ ሁለት ብቻ ቀሩ።

እንጀራዬ ነውና ዛሬም እቆጥራለሁ፣
ግን ከንፈሬን ገጥሜ በሆዴ እላለሁ፤
‹ሁለት› ብዬ ጽፌ ከጎኑ አያለሁ፣
አምስት ጣት የሚያህል ቦታ እተዋለሁ።»

ምን ይባላል? እኔ የማውቀው ጉድለት፣
ከደመወዝ ተቆርጦ የሚሞላበት፣
ማኅተም ተመቶ የሚዘጋ ነበር።
ዝም አልኩ፣ እንደ ሞኝ፣ ጨብጬ ብዕር።

ያኔ ነው የሰማነው፦ ከእግራችን በታች፣
ከጭጋጉ ሆድ ውስጥ ስስ ድምፅ ወጣች፤
ክር ሲተረተር እንደሚያሰማው ያለ፣
ቆም ይላል፣ ይቀጥላል፣ ቀረ ሲሉት አለ።
አንድ ትሁን አሥር አይለይም ነበር፣
ትመጣለች፣ ትሄዳለች ከመጋረጃው ሥር።
እማዋይሽ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አኖረች፤
«እሷ ናት» አላለች፣ «አይደለችም» አላለች።

ማታ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ደብተሬ ጭኔ ላይ፣
እየደረቀ ሲኮራመት ገጹን ገልጬ ሳይ፣
«ቁጥር» ከሚለው ሥር ባዶ ነው ሰሌዳው፤
ብዕር አወጣሁና መልሼ ከተትኩት፣ ተውኩት እንዳለው።

«ስንት አየህ?» አለኝ አጠገቤ በግ ያቀፈ ሰው።
«ቁራ፣ አንድ» አልኩት።
የቀረውን ሆዴ ያዘው።