አንዲት ፊደል

የጉድጓዱን አፍ በብረት ሲዘጉት፣
ሩሽቱን መብራቱን በፊርማ ተቀበሉት፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከነሳሉ ጋራ፣
ባንድ ካርቶን ይዞ ወደ ቤት አመራ።
ዞንጉልዳክ ላይ ዝናብ። ባሕሩ ጥቁር ነው፣
ስሙም ጥቁር ባሕር፣ ማንም የማያርመው።

ልጁ ፌራይ አለች፦ "ባባ፣ ና ተቀመጣ፣
ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ ነገር መጣ፤
አንተ ትናገራለህ፣ ስልኩ ያመሳስላል፣
ማን ለማን እንደሚሆን ያውቃል ይባላል።"
"ደላላ ነው?" አላት። "ደላላስ አይደለም፤
ሻይ ግዛልኝ አይልም፣ ኮሚሽን አይለምንም።"
"እንግዲያ የጋብቻ አማላጅ ነዋ!" አለ፣
ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ሳሉ ተቀጣጠለ።

ቅጹ ጠየቀው፦ ዲግሪ? የለም። መንጃ ፈቃድ? የለም።
ከቱርክኛ ሌላ ቋንቋ? ኮምፒውተር? አያውቅም።
አሥራ አራት ጥያቄ፣ አሥራ አራት ባዶ፤
በገዛ ቤቱ ተቀመጠ እንደ እንግዳ ተዋርዶ።
ከሁሉ በታች ግን አንዲት ጠባብ መስመር፦
"ሌላ የሚችሉት ካለ እዚህ ላይ ይዘርዘር።"

ዝም አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ።
"ጻፊ፣" አለ ኋላ፣ በዝግታ፦

"እንጨት አዳምጣለሁ።
ጣሪያ የተሸከመ የጥድ ግንድ
ከመሰበሩ በፊት ውስጥ ውስጡን ያማርራል፣
የተኛ ሕፃን ጥርሱን እንደሚያፋጭ።
ያንን እሰማለሁ።
ሰባት ሰው አውጥቻለሁ።
ስምንተኛው፣ ሀይሬቲን፣ ሳቀብኝ።
ቀረ።"

ፌራይ ፈጠን ብላ ጻፈች፣ ዓይኗ ረጥቦ፤
ቃሉም ሄደ፣ ወደማይዘንብ ደመና ተስቦ።

በአራተኛው ቀን ላይ ስልኩ ጮኸ፣ በራ፦
"ደስ ይበልዎ ሩሽቱ፣ ተገኘልዎ ሥራ!
ዘጠና አንድ በመቶ ከእርስዎ ጋር ይስማማል፤
የፍራሽ ፋብሪካ ተኝቶ የሚፈትሽ ሰው ይሻል።"

ፍራሽ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሌሊቱን ላልተኛ!
ፌራይ ቅጹን መልሳ አየች፤ ማን ነው ጥፋተኛ?
በእነሱ ቋንቋ "አዳመጠ" ከ"አረፈ"
ባንዲት ፊደል ብቻ ነው የተላለፈ።
ጣቷ አንዲት "ን" ሰንቅራ፣ ሳታስበው፣
ጆሮውን የሸጠውን ሰውዬ አሳረፈችው።
(በእኛ ቢሆንማ፣
አረፈ ሲባል ነጠላ የሚያዘቀዝቅ አለ።)

ፊደሏን ነቀለች። አሥራ አንድ ቀን ዝምታ።
ከዚያ አንድ መልእክት፣ ያለ ደስታ፣ ያለ ሰላምታ፦
"የከተማው ውኃ ክፍል፤ ሌሊት የሚሠራ፣
ጆሮ ያለው ሰው ይፈለጋል። ቀርቦ ይሞከር በተራ።"

ኢንጂነር ቢልጌ ረጅም የብረት ዘንግ ሰጠችው፣
አንዱ ጫፉ አስፋልት ላይ፣ አንዱ ጆሮው ላይ ነው።
"መሣሪያማ አለን፣" አለችው፣ "ኮምፒውተርም አለን፣
መኪና ባለፈ ቁጥር፣ ውኃ ነው፣ እያለን።"

ጎንበስ አለ።
ከተማው ተኝቷል፤ አንድ ውሻ፣ አንድ የተበላሸ የመንገድ መብራት።
ብረቱ ቀዝቃዛ። ጆሮው ሞቃት።
አንዴ ወደ ዳቦ ቤቱ፣ አንዴ ወደ መስጊዱ አጥር፣
እንደ ሐኪም ሄደ፣ ደረት እንደሚቆጥር።
"እዚህ፣" አለ፣ በጫማው ጫፍ መሬቱን ጭሮ።
ቆፈሩ፤ ክንድ ተኩል። ውኃ ወጣ ተወርውሮ።

ጠዋት ስልኩ ጠየቀ፦ "ግጥጥሙ እንዴት ነበር?
ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጣሉ?"
"ማን ነው የሚጠይቀው?" አለ ሩሽቱ።
"ማንም።"
"እንግዲያ አራት ስጪው፤
አንዱን ለፍራሹ ቀንሺበት።"

ቢልጌ ግን አንድ ሌሊት አየችው፣
ሥራው ካለቀ በኋላ፣
ቧንቧ ከማያልፍበት ከተዘጋው ጉድጓድ አጠገብ
ዘንጉን ተክሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።
ሻዩን ይዛለት ቆመች፤
እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆመች።
ምን እንደሚሰማ አልጠየቀችውም።