አንደኛ መደብ

ድሬዳዋ፣ ሰባተኛ «ለ»፣ ከምሳ በኋላ፣
ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ ዓይናችን ወደ እንቅልፍ ሲያዳላ፣
ቲቸር ቢፍቱ ከመጽሐፉ አነበቡልን፦

«ደቻቱ በሌሊት ሞላ። ልጅቷ ነቃች።
አንድ እግር ጫማ ይዛ፣ ወንድሟን ትታ ሮጠች።»

«ተራኪው ማነው?» «ሦስተኛ መደብ!» አልን ባንድ አፍ፣
በቃል የሸመደድነው፣ ፈተና የሚያሳልፍ።
«እስቲ በአንደኛ መደብ ማን ይለውጠው?» ጸጥታ።
ከዚያ ረምላ ተነሳች፣ ከኋላ፣ ከመስኮቱ ቦታ፦

«ደቻቱ በሌሊት ሞላ። ነቃሁ።
አንድ እግር ጫማ ይዤ፣ ወንድሜን…»

ጣቷ «ትታ» ላይ ቀረ፤ «ትቼ» ከአፏ አልወጣም።
ከመስኮቱ ማዶ ደቻቱ አሸዋ ነው፤ የአንዲት ፍየል ጥም አይቆርጥም።

«ቁጭ በይ» አላሏትም። ቾኩን ኪሳቸው ከተቱ፣
አብረዋት ቆሙ፣ ቲቸር ቢፍቱ።