ኪሎዎን ይወቁ

ኮዬ ፈጬ ጫፍ ላይ፣ ከታክሲው ሰልፍ ዳር፣
ሚዛኔን ዘርግቼ፣ ለሰው አምስት ብር፣
ቁጥር እጠራለሁ ፀሐይዋ እስክትሰወር።

እትዬ ይርገዱን መዝኛቸው አላውቅም፤
ሲያልፉ አንገት ደፍተው ነው፣ እግራቸው አይቆምም።
ረዳቱ "የሁለት ሰው!" ሲላቸው ከበር፣
ሰልፉ ይስቃል፤
እኔም ስቄ ነበር።

ማክሰኞ አመሻሽ መጡ፣ ሰው ሲሳሳ ጠብቀው፣
ቆሙበት በቀስታ፣ ጫማቸውን አውልቀው።
"ጮክ ብለህ እንዳትጠራው፣ ልጄ" አሉ።
ቁጥሩን በጣቴ መዳፋቸው ላይ ጻፍኩት።

ዝም አሉ። ከዚያ፦
"ጤና ጣቢያ ሄድኩኝ፤ ቀና ብላ ሳታየኝ
'ቀንሺ' የሚል ወረቀት ነርሷ ሰጠችኝ።
በየት በኩል ልራመድ፣ መንገዱ ተቆፍሮ፣
የልጆቹ ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሮ፣
ከቲማቲም ይልቅ ብስኩት ረክሶ አድሮ?
ድሮ በሰፈሬ፣ ሳንነሳ በፊት፣
'ተስማምቶሻል' ነበር የወፍራም ሰው ምርቃት።
ይሄ ሳቅስ" አሉኝ፣ "ስንት ኪሎ ይሆን?
እሱንም ተሸክሜ ነው የምወጣው ደረጃውን።"

አምስት ብሬን ከፍለው ገቡ ወደ ብሎካቸው፤
አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለው።
በየወለሉ ሲያርፍ አየሁት ጥላቸው።

በነጋታው ረዳቱ ያንኑ ሲደግም
ሰልፉ ሳቀ።
ሳቁ ግን ቀነሰ፣
በአንድ ሰው።