እርሳስ

ስምሽን ፍቀው ላኩልኝ፣ ስሜን ላንቺ ደብቀው፣
ሃያ አንድ ገጽ፣ አራት ሠንጠረዥ፣ አንድ ካርታ አጣብቀው።
"ገምጋሚ ቁጥር ሁለት" ነኝ፣ በደብዳቤው ላይ ስጠራ፤
ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁ፣ በመነጽሬ የምኮራ።

አራት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ።
ከመስኮቴ ሥር ረዳቱ "ፒያሳ! ፒያሳ!" ይላል።
መብራት ጠፍቶ ነበርና በስልኬ ብርሃን አነበብሁት፤
ካርታሽ ላይ ስደርስ ቆምሁ፤ ያን ጠምዛዛ መስመር አወቅሁት።

በየማለዳው የምሻገረው ወንዝ ነው።
ከድልድዩ ሥር፣ ከጋራዡ ጀርባ፣ ባትሪ ከሚታጠብበት፣
ያው ውሃ ትንሽ ወረድ ብሎ ሰላጣ ከሚጠጣበት።
እርሳስ ለክተሻል፤ በቅጠል፣ በሥር፣ በአፈር።
ቀኑን ጽፈሻል፣ ሰዓቱን ጽፈሻል፣
ዝናብ የጣለበትን ሌሊት ሳይቀር።

እኔም ጀምሬው ነበር።
ከታችኛው መሳቢያ፣ ከጡረታ ቅጼ ሥር፣
አሥራ አንድ ናሙና፣ ግማሽ መግቢያ፣
"ዘንድሮ እጨርሰዋለሁ" እያልሁ ስድስት ዘንድሮ ያለፈበት።
አንቺ ሠላሳ ሁለት ይዘሽ መጣሽ።

ቅናት በር አያንኳኳም።
መነጽር አድርጎ፣ ካባ ደርቦ፣
"ጥንቃቄ ነኝ" ብሎ ይገባል።

ሠንጠረዥ ሦስት፣ ረድፍ አሥራ ሰባት፤
አንዲት ነጥብ ቦታዋን ስታ፣
አንድ ቤት ወደ ግራ ሸሽታ።
ሌላ ሰው ቢሆን "ነጥቧ ትስተካከል" ብሎ ያልፋል።
እኔ ገመድ አገኘሁ።
ግን አልጻፍሁም፤ ዝም አልሁ።
ገምጋሚ ዝም ሲል ማን ይከሰዋል?

መስከረም ሄደ፣ ጥቅምት፣ ኅዳር።
አዘጋጇ ወይዘሮ ጸዳለ ሦስቴ ጻፈች፦
"ፕሮፌሰር፣ ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ…"
እኔ መሳቢያዬን ከፍቼ
ባንቺ መንገድ የራሴን መንገድ አቃናለሁ።
ቃል አልሰረቅሁም። ቃል አይደለም የሚሰረቀው፤
ቀን ነው።

ታኅሣሥ ላይ፣ አመሻሽ፣ ከግቢው በር ወጥቼ፣
ከእትዬ የሺመቤት ሸራ ሁለት እስር ሰላጣ ገዝቼ፣
ቤት ገባሁ። ሎሚ ጨመቅሁበት።
የልጅ ልጄ ሶልያና፣ አራት ዓመቷ፣
እንደ ጥንቸል ቆረጣጠመችው።
"ከየት ነው ሰላጣው?" አለች እናቷ።
አፌን ከፈትሁ፤
ረድፍ አሥራ ሰባት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ ነጥቡን ይዞ።

ሦስት ወር።
ስንት ገበታ ነው ሦስት ወር? ስንት ሰፈር?
ይህስ በየትኛው ሠንጠረዥ ይሰፈር?

እርሳስ እንላለን፣ ደም ውስጥ ገብቶ ለሚቀመጠው፤
እርሳስ እንላለን፣ በሁለት ጣት ለምንይዘው።
አንዱ ዝም ብሎ ይገድላል፤
ሌላው ዝም ካለ ይገድላል።
"እርሳ" የሚል ቃል በሁለቱም ውስጥ አለ፤
አልሆነልኝም።

በዚያው ሌሊት ጻፍሁ፦
"ወይዘሮ ጸዳለ፣ ይህን ሥራ ልመዝን አይገባኝም ነበር።
የሱ ዓይነት ከመሳቢያዬ አለ፤ በመጀመሪያው ቀን መንገር ነበረብኝ።
ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ ሥራ አይደለም።
ለሌላ ሰው ይስጡት። ለፈጣን ሰው።
ለዚያም ሰው ይንገሩልኝ፦
ረድፍ አሥራ ሰባት ላይ፣ ነጥቧ አንድ ቤት ወደ ቀኝ።
የቀረው ሁሉ ደህና ነው።
የቀረው ሁሉ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከኔ ይበልጣል።"

ጠዋት ድልድዩን ተሻገርሁ።
እትዬ የሺመቤት ቅጠሉ ላይ ውሃ ትረጫለች፤
"ዛሬስ አይወስዱም፣ ጋሼ? ትኩስ ነው" አለች።
ጽሑፍሽ ገና አልታተመም።
የሷም ዳቦ እዚያው ሸራ ላይ ነው።
"ውሃው…" አልሁና ቃል አጣሁ።
ከጎኗ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ።
መነጽሬን አወለቅሁ።
አስቀድሜ ስሜን ነገርኋት።